ድንገት የሚመጣ ደግ ነገር

ከእንግሊዝኛ ትምህርት ሁሉ ማስተማር የምወደው የጥድፊያ ቃላትን ነው። ለምን ቢሉኝ፣ እኔ ራሴ ችኩል ነኝ። በመሐል ሜዳው ትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻዩን ሳያበርድ ጠጥቶ ምላሱን የሚያቃጥለው፣ የሰው ወሬ ሳያስጨርስ መልስ የሚሰጠው፣ ስብሰባ ሳይዘጋ ከወንበሩ የሚነሣው እኔ ነኝ። ጓደኞቼ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሉኝ ኖረዋል። እኔም «አፍስሼ ለቅሜም ቢሆን ከእናንተ ቀድሜ ነው የምጨርሰው» እላቸዋለሁ።

ፈረንጆች ለዚህ ዓይነቱ ጠባይ ቃል አላነሳቸውም። ኩዊክሊ አለ፣ ሰደንሊ አለ፣ አት ዋንስ አለ፣ ራይት አዌይ አለ። ኢን ኖ ታይም የሚሉት ደግሞ አለ፤ ጊዜ የሚባል ነገር ጭራሽ ሳይነካው ማለታቸው ነው። ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ ኤን አይ ይላሉ፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ። ቢፎር ዩ ኖው ኢት ይላሉ፤ ሳታውቀው አልቆ ታገኘዋለህ እንደማለት ነው። አማርኛችንም በዚህ አይታማም፤ ብድግ፣ ላፍ፣ ፈትለክ፣ እልም፣ ዱብ እያለ ከማንም ጋር ይሮጣል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ፈረንጅ «ራይት አዌይ»፣ አሁኑኑ፣ ሲል ደግ ነገር ቃል እየገባልህ ነው። እኛ ዘንድ ላፍ የሚያደርገው ሌባ ነው፤ ዱብ የሚለውም ዕዳ ነው። ይህንን ያን ሰሞን ገና አላስተዋልኩትም ነበር።

ኅዳር ሊወጣ ነው። ውርጩ በመስኮቶቹ መስታወት ላይ ረፍዶም አልለቅ ብሏል፤ ተማሪዎቼ በየጋቢያቸው ውስጥ ተጀቡነው ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ቃላቱን በሰሌዳው ላይ ደረደርኩና በሰደንሊ ዓረፍተ ነገር ሥሩልኝ አልኳቸው። አንዱ ተነሥቶ፣ በረዶ ድንገት ወርዶ ገብሳችንን መታው አለ። ጥሩ። ሁለተኛው፣ በሬያችን ድንገት ከገደል ወደቀ አለ። ሦስተኛዋ፣ ቀበሮ ድንገት መጥቶ ግልገል ወሰደ አለች። አራተኛው በዓረፍተ ነገሩ አጎቱን ድንገት ገደለ። ከኋላ በኩል አንዷ ደግሞ፣ መምህራችን ድንገት ፈተና ሰጠን ብላ ክፍሉን በሳቅ አተራመሰችው።

ሰዋስዋቸው ደህና ነበር። ነገሩ ግን ከነከነኝ። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ደግ ነገር አምጡልኝ፤ ድንገት የመጣ ደግ ነገር» አልኳቸው። ሁሉም ጋቢውን ይበልጥ ወደ ዓይኑ ሳበ። በመጨረሻ ከፊት ወንበር የተቀመጠ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ደግ ነገር'ኮ ድንገት አይመጣም» አለ። «ደግ ነገር ይዘራል፣ ይታረማል፣ ይታጨዳል። ድንገት የሚመጣው በረዶው ነው።»

የቤት ሥራ ነው፣ ሰኞ ይዛችሁ ኑ አልኩ። ቅድም ድንገተኛ ፈተና ብላ ያሳቀችን ልጅ ደግሞ «ቲቸርም ይሥራ!» አለች፤ ሁሉም ተቀበሏት። እኔም ቃሌን ሰጠሁ። ከክፍል ወጥቼ እስከ ቤቴ ድረስ ሳስብ ሄድኩ፤ አንድም አልመጣልኝም። ሰው ሃያ ምናምን ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጥፋው? አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

የዓይን ሐኪሞች ወደ ከተማችን ሆስፒታል መምጣታቸውን የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የመጡ ናቸው፤ የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ፣ ዓርብ ጨርሰው ቅዳሜ ይመለሳሉ ተባለ። እኔ በቅድሚያ የታየችኝ እናቴ ናት።

እናቴ እዚሁ መንዝ፣ ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ፣ አባቴ በሠራላት የጓሳ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። አባቴ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ይሠራ ነበር፤ እሷ የበግ ጸጉሩን ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፣ እሷ ቀየት ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። እሱ ካረፈ ቆይቷል። የእናቴን ዓይን ሞራው የጀመራት እኔ ገና መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ተመድቤ በማስተምርበት ጊዜ ነው። መርሐቤቴና መንዝ በአሞራ ቢሆን ጎረቤት ናቸው፤ በመኪና ግን ገደሉን ዞሮ፣ ብዙ አገር አቆራርጦ ነው የሚደረሰው፤ ስለዚህ በዓመት አንዴ ብመጣ ነው። በመጣሁ ቁጥር ዓይኗ ትንሽ ቀንሶ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ መርፌ ማስገባት አቃታት። ከዚያ ሰውን ከሩቅ መለየት ተወች። ተዛውሬ መሐል ሜዳ ስገባ በሳሌ ነበር የምታውቀኝ። ደጃፍ ላይ «እህ» ስል «መጣህ፣ ልጄ?» ትላለች፤ ከዚያ ፊቴን በሁለት እጆቿ ትዳብሰዋለች፣ ጸጉሬንም ነካ አድርጋ «ዛሬም አላበጠርከውም» ትለኛለች።

ደብረ ብርሃን ልውሰድሽ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኳት። መልሷ አንድ ነው፤ «ቀስ ብሎ የመጣ ነገር ቀስ ብሎ ይሄዳል።» ጠበሏን ትጠመቃለች፣ ፈትሏን ትፈትላለች። ዓይኗ ከጠፋም ወዲህ እንዝርቷን አላስቀመጠችም። የበግ ጸጉሩን ከጭኗ ላይ አድርጋ፣ የተጣበቀበትን እብቅና ስንጥር በሁለት ጣቶቿ እየለቀመች ታጠራዋለች፤ አንዲት እብቅ አታልፋትም። ከዚያ እንዝርቱን ታሾረዋለች፤ ክሩ የሚያይ ሰው ከፈተለው አይለይም። እኔ ግን እሷ ፈትላ የማታየውን ክር ባየሁ ቁጥር ልመናዬን እንደገና እጀምር ነበር።

ደወልኩላት። ስልክ አንሥታ እንዴት ነህ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ባለቤቴ እንዴት ናት? ደህና ናት። ተማሪዎቹስ? ደህና። ያከራየችኝ ሴትዮ ላም ወለደች? ወለደች። ምን? ወይፈን። ውርጩ እንዴት ነው? እኔ አንዷን ቃል ለማስገባት ክፍተት እየፈለግሁ በክፍሉ ውስጥ እንጎራደዳለሁ። «እማዬ፣ ሐኪሞች መጥተዋል፣ ዓርብ ይጨርሳሉ፣ ልወስድሽ ነው» አልኳት በመጨረሻ፣ በአንድ ትንፋሽ።

«እንዲህ በድንገት?» አለች።

«ድንገት ምን አለው? እነሱ'ኮ አይጠብቁንም።»

«እስቲ እናስብበት።»

«የምናስብበት ቀን የለም!»

«ዓይን'ኮ ነው፣ ልጄ» አለች፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፅዋ።

ረቡዕ ከሰዓት ክፍሌን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ፣ በሚኒባስ ቀየት ደርሼ፣ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ከካቡ ሥር ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። የተዘጋጀ ነገር የለም። ነገ ጧት በመጀመሪያው መኪና እንውጣ አልኳት፤ እሺ አለች። ማርያምን፣ እሺ ስትለኝ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጧት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ወደ መንገዱ ልመራት ስል ወደ ላይኛው ቤት ዞረች።

«ወዴት ነው?»

«ልሰናበት ነዋ።»

«እማዬ፣ ቅዳሜ'ኮ ትመለሻለሽ።»

«የሄደ ሁሉ ይመለሳል? ሐኪም ቤት ልትገባ ሄደች ተብሎ ከሰው አፍ ይስሙት? ሳይሰናበት የሚሄድ ሬሳ ነው።»

በእኛ አገር ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሮጦ ደጅህ ደርሶ፣ ሳይቀመጥ፣ ደህና አደራችሁ ሳይል ከተናገረ፣ መርዶ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን፣ መጀመሪያ ሰላም ይላል፤ የሰማውን ሰው እንዳያስደነግጥ። ይህን አውቃለሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ማወቅ ግን አላስቻለኝም። በየቤቱ ገባን። በየቤቱ ተቀመጥን። ቆሎ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ከከብቱ ጀምሮ እስከ ሰዉ በየተራ ተጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነው እናቴ «ያው እንግዲህ፣ ልጄ ለዓይኔ ሊወስደኝ ነው» የምትለው፤ ከዚያ ምርቃት ነው። አውድማ ላይ የነበረ ጎረቤታችን የሚያበራይባቸውን በሬዎች አቁሞ፣ መንሹን ተደግፎ፣ ቆቡን አውልቆ መረቃት። «ብርሃኑን ይግለጥልሽ፣ ከደጅሽ አይለይሽ» ይላል፤ እኔ ስልኬን አወጣና ሰዓት አያለሁ። እናቴ አታይም፤ ግን ታውቃለች። «አሜን በል» አለችኝ። አሜን አልኩ፣ በጥርሴ።

የመጀመሪያው መኪና አለፈን። ሁለተኛውም አለፈን። በመጨረሻ ገብስ የጫነ አይሱዙ መጣ፤ ሹፌሩ አዝኖልን ጋቢና ውስጥ አስገባን። መሐል ሜዳ ስንደርስ የዕለቱ ተራ አልቋል፤ ለዓርብ መዘገቡን። ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው። ያን ማታ ባለቤቴ እራት ብታቀርብ አልወረደልኝም። እናቴ ግን ደህና በላች፣ ደህናም ተኛች።

ዓርብ ጧት የሆስፒታሉ ግቢ በነጠላና በጋቢ ነጭ ሆኗል። ብዙዎቹ አዛውንት ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ፊት ለፊት አቁመው፣ አገጫቸውን ደግፈውበት በረጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ከፊት ከሚገቡት መካከል ነበረች። ከአጠገቧ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ቄስ ተቀምጠዋል፤ ከመንደራችን ባሻገር ካለ ደብር የመጡ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የታወሩባቸው ሰው ናቸው። ጧት ተዋውቀው ስለ ውርጩ ሲጫወቱ ነበር።

ረፈድ ሲል አንዲት ነርስ ብቅ ብላ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀች፤ አስተርጓሚያቸው ውስጥ ተይዞ ነው። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እናቴ በምርኩዟ ጎኔን ወጋችኝ። «ይኸው! ልጄ! እንግሊዝኛ የሚያስተምር ነው!» በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቸኩል ያየኋት ያኔ ነው።

ከአንድ ረጅም፣ ፊታቸው ውርጭ ያቀላው፣ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ሐኪም አጠገብ አቆሙኝ። ሐኪሙ ሰዎቹ እንዳይፈሩ ጥቂት ቃል ሊነግሯቸው ነው የፈለጉት። ፈገግ ብለው ጀመሩ። ምንም አትስጉ አሉ። ኢን ኖ ታይም ያልቃል አሉ። ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ ኤን አይ። ቢፎር ዩ ኖው ኢት። የእኔን ደስታ ማን ይንገራችሁ! ሰሌዳዬ ላይ የደረደርኳቸው ቃላት ከባለቤቶቹ አፍ በየተራ ሲወጡ! አንዷንም ሳላስቀር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩ። «አትስጉ! ጊዜ የሚባል አይፈጅም! በቅጽበተ ዓይን ያልቃል! ሳታውቁት ተፈጽሞ ታገኙታላችሁ!»

አግዳሚው ላይ ምርኩዞች መሬቱን ቆረቆሩ። ቄሱ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ፣ ምን አልክ?» አሉኝ።

«በቅጽበተ ዓይን ያልቃል፣ አባ።»

«በቅጽበተ ዓይን የሚሆን አንድ ነገር አውቃለሁ» አሉ። «እሱም የሙታን ትንሣኤ ነው። ለዚያ ደግሞ መለከት ይነፋል እንጂ ፈረንጅ አይመጣም።» ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። «ዓይን የበግ ጸጉር ነው፣ ላፍ ተደርጎ የሚሸለት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ እሄዳለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

የሚመራቸውን ዘመዳቸውን ትከሻ ይዘው ወደ በሩ አቀኑ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ተነሡ። ከዚያ ሌላ አንድ። ሐኪሙ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ፤ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው አሉ። ያሉትን ነው፣ አንድም አልጨመርኩም አልኳቸው። እውነቴንም ነበር። ዞር ስል እናቴ ምርኩዟን ይዛ ቆማለች።

የዚያን ጊዜ ያልኩትን አሁን እንኳ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሐኪሙን፣ ይህን ሥራ ለመማር ምን ያህል ጊዜ ወሰደብዎት አልኳቸው። ሳቁ። ወጣትነቴን በሙሉ፣ አሁንም አልጨረስኩም አሉ። እኔ ቄሱን ሮጬ ደረስኩባቸው። ደረስኩና፣ ትዝ አለኝ፤ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኩ። ደህና አሉ። ከዚያ «አባ» አልኳቸው፣ «ዜማ ለመማር ስንት ዘመን ፈጀብዎት?»

«ኧረ ተወኝ፣ ልጄ! ከልጅነት እስከ ጉልምስና።»

«ዛሬስ ሲያዜሙ መጽሐፍ ያያሉ?»

«ምን ዓይን አለኝና? ከልቤ ነው የሚወጣው።»

«እኒህም ሰው እንደዚያው ናቸው። አሁን ስለሮጡ አይደለም የሚፈጥኑት፤ ሲማሩ ቀስ ስላሉ ነው።»

ቄሱ ቆሙ። ካልተሳሳትኩ ጺማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «አስቀድመህ እንዲህ አትልም ነበር?» አሉኝ። «ያን ሁሉ ሩጫ ምን አመጣው?» ዘመዳቸውን አዙረው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የተነሡት ሰዎችም አንድ በአንድ ተመለሱ።

እናቴ ግን አልተቀመጠችም። እሷ የምታውቀው ሐኪሙን ሳይሆን እኔን ነው። እጄን ይዛ ከሰዎቹ ፈንጠር አደረገችኝ።

«እውነትህን ነው ወይስ ቸኩለህ ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱም ነው፣ እማዬ። ሐኪሞቹ ነገ ይሄዳሉ፤ ቸኩያለሁ። እውነቴንም ነው።»

«ፈራሁ'ኮ» አለች። እናቴን ፈራሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ጨለማውን ለምጄዋለሁ። ቀስ ብሎ ነው የመጣብኝ፣ ቀስ ብዬ ለመድኩት። አሁን በድንገት... ቢበላሽስ? የቀረችኝን የፀሐይ ጭላንጭል እንኳ ብትወስድብኝስ?»

ተረት ልተርትላት አሰብኩ፣ ላባብላት አሰብኩ። በእሱ ፈንታ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የክፍሉን ነገር ነገርኳት። ተማሪዎቼ ድንገት የመጣ ደግ ነገር አናውቅም እንዳሉ፣ እኔም ከሰኞ በፊት አንድ ማምጣት እንዳለብኝ፣ እንዳጣሁም። «ልጆቹ እውነታቸውን ነው መሰለኝ» አልኳት። «እኔም አንድም አላውቅም። ግድ አልልሽም።»

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ ቀና አደረገች። ከዚያ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

«አንት ሞኝ! አንተ ራስህስ?»

«እኔ ምን?»

«ድንገት አይደል የመጣኸው? ገና አንድ ወር ይቀርሻል ብለውኝ ቀየት ገበያ ሄድኩ። አባትህ የሠራው ባና ሳይሸጥ ቀረና ተሸክሜው እያማረርኩ ስመለስ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ካብ ሥር ያዘኝ። አዋላጅ የለ፣ ሰው የለ። ‹እመብርሃን!› ስል አንተ ዱብ! ባናው ተሸጦ ቢሆን በምን እጠቀልልህ ነበር? በዚያ ውርጭ! እኔ'ኮ ገበያው አልሸጥ ስላለኝ እግዚአብሔርን ሳማው ነበር።» ዓይኗን ጠረገች። «ያን ዕለትም ፈርቼ ነበር። ከዚያ ስትጮህ ሰማሁህ።»

ችኩል ሆነህ ነው የተወለድከው ስትለኝ ነው የኖረችው፤ ካቡን፣ ባናውን ግን ነግራኝ አታውቅም። እሷ ምርኩዟን ለእኔ ሰጠችኝ።

«በል ምራኝ» አለች። «ድንገት የሚሉት አንድ ጊዜ ደግ አድርጎልኛል።»

አብሬያት ገባሁ፤ ማስተርጎም ነበረብኝ። ጋደም አደረጓት፣ ፊቷን ሸፈኑት፣ አንዱን ዓይኗን ብቻ ገለጡት። ሐኪሙ ድንገት እንዳትንቀሳቀስ ንገራት አሉኝ። ነገርኳት። «የት እሄዳለሁ?» አለች። እጇን ያዝኩ። መሣሪያው ወደ ዓይኗ ሲጠጋ፣ እኔ ችኩሉ፣ ሻይ የማያበርደው፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ ለማለት ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ፈራሁ። ሐኪሙ አልቸኮሉም፤ እጃቸው እንደ እናቴ እንዝርት በራሱ ይሄዳል። ከዚያ «ደን!» አሉ፤ አለቀ ማለታቸው ነው። እውነትም አልቆ ነበር። ዓይኗን በፋሻ ሸፍነው አስወጡን። ቀጥሎ ቄሱ ገቡ።

ቅዳሜ ጧት ትናንት የታከሙት ሁሉ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተደረደሩ። ነርሷ በየተራ ፋሻቸውን ታነሣለች። ከዚህም ከዚያም እልልታ ይሰማል። ቄሱ ጥምጣማቸውን አውልቀው፣ ነጭነቱን አገላብጠው እያዩ «ታጥቧል ብለውኝ ነበር፤ አልታጠበም» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

የእናቴ ተራ ደረሰ። ነርሷ ፋሻውን ቀስ ብላ ላጠችው፣ ዓይኗን በጥጥ ጠረገችላት፣ ክፈቺው አለቻት። እናቴ ከፈተችው። መጀመሪያ የነርሷን ነጭ ጋዋን አየች። ከዚያ ባሕር ዛፉን። ከዚያ እጆቿን አነሣች፤ መዳፏን፣ ጀርባውን፣ እንደገና መዳፏን እያገላበጠች አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ፊቷ ላይ የሚመጣውን ደስታ እየጠበቅኩ ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን እጇን ወደ ጆሮ ግንዴ ሰደደች፤ ጸጉሬን በሁለት ጣቶቿ ትለቅም ጀመር፣ የበግ ጸጉር እንደምታጠራው።

«አውድማ ውለህ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እብቅ ሞልቶብሃል።»

አንዱን ያዘች፣ ጎተተችው፤ አልወጣም። ሌላ ያዘች።

«እብቅ አይደለም፣ እማዬ» አልኩ። «ሽበት ነው።»

ጣቶቿ ቆሙ። «መቼ?»

«ቀስ ብሎ ነው» አልኩ። «ብዙ ዓመት ሆነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«ሌላው ሰው ቀስ እያለ አየው» አለች። «እኔ ዓለም ከተማ ስትሄድ ያየሁትን ልጅ ነበር የምጠብቀው። ለእኔ የሸበትከው ዛሬ ጧት ነው።»

ዓይኗ ሲሞላ ነርሷ አየችና «እማማ፣ እንዳያሹት! ዓይንዎን እንዳይነኩት!» አለች።

«አልነካውም፣ ልጄ፣ አልነካውም» አለች እናቴ። እጇን ግን ከራሴ ላይ አላነሣችም። አንድ ሽበት ትይዛለች፣ ታየዋለች፣ ትለቀዋለች፤ ሌላ ትይዛለች። እኔም ይበልጥ ጎንበስ አልኩላት።